የወረፋ ታሪክ፤ በኢንተርኔት የቡድን ጨዋታ ድርሻ እንዴት እንደ ተመደበ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ከተሞች አመሠራረት የጻፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ዕድሜው ከራሳችን ዕድሜ እምብዛም የማይርቀውን የአንድ ነገር ታሪክ ለመጻፍ ተነሥተናል፤ ይኸውም በኢንተርኔት የቡድን ጨዋታ ውስጥ ስላለው ወረፋ ነው። ጕዳዩ ለአንዳንድ መምህራንና ወላጆች ቀላል መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ነገር ግን በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ወጣቶች በየቀኑ የሚቆሙበት ሰልፍ ከየት እንደ መጣ፥ ማንን እንደሚያስጠብቅ፥ ስለምንስ ሊጠፋ እንዳልቻለ መመርመር ከታሪክ ሥራ የሚቈጠር ነው ብለን እናምናለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ልጃቸው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ አንዳች ሳይሠራ ሲያዩት «ምን ትጠብቃለህ?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። ልጁም «ወረፋ ላይ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ወላጅ ይህን መልስ ቢሰማም ነገሩ አይገባውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት እንግለጥ።

በእነዚህ ጨዋታዎች አምስት ወይም ስድስት ሰዎች አንድ ቡድን ሆነው ይሰለፋሉ። ሰዎቹ የሚኖሩት በልዩ ልዩ ከተማ፥ ምናልባትም በልዩ ልዩ አገር ነው፤ የሚገናኙትም በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። የቡድኑ አባሎች ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። ታንክ የሚባለው ከፊት ቀድሞ የጠላትን ዱላ በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ሂለር የሚባለው ከኋላ ሆኖ የቈሰሉትን ይፈውሳል፤ የቀሩት አጥቂዎች ናቸው፥ ጠላትን መትቶ መጣልም የእነርሱ ፈንታ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ቡድኑ አይቆምም። የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሁሉ ችግሩን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ሁሉም አጥቂ ለመሆን ይሻማል፥ በረኛነት ግን በግድ ለትንሹ ልጅ ይደርሳል። ልዩነቱ በሰፈር ኳስ በረኛ ቢታጣ በትንንሽ ጎል ያለ በረኛ መጫወት መቻሉ ነው። በኮምፒዩተሩ ጨዋታ ግን ታንክ እስኪገኝ ድረስ በሩ አይከፈትም።

ይህ የሥራ ክፍፍል በግልጥ ከታየባቸው ቀደምት ጨዋታዎች አንዱ በማርች 1999 የወጣው ኤቨርኩዌስት ነው። ቡድኑ እስከ ስድስት ሰው ይይዝ ነበር። ተጫዋቾቹ ሦስት ሰዎችን ከሁሉ አስበልጠው ይፈልጉ ነበር፤ ዱላውን የሚቀበለውን ጦረኛ፥ የሚፈውሰውንና የሞተ የሚያስነሣውን ቄስ መሰል ሰው፥ እንዲሁም ጠላትን የሚያፈዝዘውን አስማተኛ። እነዚህን ያገኘ ቡድን የቀሩትን ሦስት ቦታዎች ለመሙላት አይቸግረውም ነበር። በዚያ ጊዜ ሰውን የሚያሰባስብ መሣሪያ ስላልነበረ ቡድን ያጣው ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ «ቡድን የሚፈልግ አለሁ» እያለ በጽሑፍ ይጮኽ ነበር። ፈዋሹን ከየአቅጣጫው ይጠሩታል፤ አጥቂው ግን ጠሪ ሳያገኝ ማምሸቱ የተለመደ ነበር። ወረፋው ገና ስም አልነበረውም እንጂ ያን ጊዜም ነበረ።

በኖቬምበር 2004 ብሊዛርድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍትን አወጣ። እዚህ ወደ ዋሻ የሚገባው ቡድን አምስት ሰው ሆነ፤ አንድ ታንክ፥ አንድ ሂለር፥ ሦስት አጥቂ። ጩኸቱ በጨዋታው ከተሞች፥ በአይረንፎርጅና በኦርግሪማር፥ ቀጠለ። ቡድኑ ከተሟላ በኋላም ሰዎቹ በእግርም በበራሪ እንስሳም እስከ ዋሻው ደጅ መጓዝ ነበረባቸው። ሥራው አድካሚ ነበር፤ ሆኖም አንድ ጥቅም ነበረው። በአንድ ሰርቨር የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ነበርና መልካም ታንክ የሆነ ሰው ስሙ ይጠራል፥ ቡድኑን በመካከል ጥሎ የሚሄድም ስሙ ይጠፋል።

በዲሴምበር 2009 ታላቅ ለውጥ መጣ። ኩባንያው ቡድን የሚያዋቅር መዳቢ ፕሮግራም በጨዋታው ውስጥ አስገባ። ተጫዋቹ ድርሻውን ይመርጣል፥ አንድ ቁልፍ ይጫናል፥ መዳቢውም ከብዙ ሰርቨሮች ሰዎችን ሰብስቦ አምስቱን በቀጥታ ከዋሻው ውስጥ ያደርሳቸዋል። ጩኸቱ ቀረ፤ መንገዱም ቀረ። በዚያው ዓመት በአፕሪል አንድ ሰው በሁለት ድርሻ መሠልጠን እንዲችል ተደርጎ ስለ ነበር ችግሩ የሚቃለል መስሎ ነበር። ነገር ግን ታንክ የሆነው ቁልፉን በተጫነ ጊዜ ወዲያው ሲገባ አጥቂው ብዙ ደቂቃ ይጠብቅ ጀመር። ቀድሞ አጥቂው «ዛሬ ዕድል አልቀናኝም» ይል ነበር፤ አሁን ግን የሚጠብቀው ጊዜ በደቂቃ ተቈጥሮ በዓይኑ ፊት ተጻፈለት። እንደ እኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ እውነተኛ መነሻ ይህ ዓመት ነው፤ መዳቢው እጥረቱን አልፈጠረውም፥ ነገር ግን ለሁሉ አሳየው።

ስለ ወረፋ በሒሳብ ማሰብ የተጀመረው ከዚህ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ (1878-1929) የተባሉት ዴንማርካዊ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠሩ ስለ ስልክ ጥሪዎች ያዘጋጁትን ጽሑፍ በ1909 አሳተሙ። ጥያቄው የሚደውለው ሰው ከመጠን በላይ እንዳይጠብቅ ስንት መስመር ያስፈልጋል የሚል ነበር። የኤርላንግ ሥራ ዛሬም ወረፋ ባለበት ሁሉ ይሠራል። ይሁን እንጂ በስልክ ማንኛውም ባዶ መስመር ማንኛውንም ደዋይ ያስተናግዳል፤ በጨዋታችን ግን ሺህ አጥቂ ሥራ ፈቶ ቢቆም አንድ ሂለር አይሆንም።

በምሳሌ እናስላው፤ ቍጥሩ የእኛ ግምት እንጂ የማንም ኩባንያ መዝገብ አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ 100 ሰዎች መጡ እንበል፤ 70ው አጥቂ፥ 18ቱ ሂለር፥ 12ቱ ታንክ መሆን ፈለጉ። ታንኮቹ 12 ስለ ሆኑ የሚቆመው ቡድን 12 ብቻ ነው። በእነዚህ ቡድኖች 12 ሂለርና 36 አጥቂ ይገባሉ፤ 34 አጥቂና 6 ሂለር ውጭ ይቀራሉ። በሚቀጥለው ሰዓት ሌላ 100 ሰዎች በዚሁ መጠን ቢመጡ ውጭ የሚቀሩት አጥቂዎች 68 ይሆናሉ። ጨዋታው ተወዶ የሰው ቍጥር እጥፍ ቢሆንስ? 24 ቡድን ይቆማል፤ በየሰዓቱም 34 አጥቂ መቅረቱ ቀርቶ 68 ይቀራል። እንግዲህ የሰው መብዛት ይህን ወረፋ አያሳጥረውም፤ የሚያሳጥረው የሰዎች ፍላጎት ሲለወጥ ብቻ ነው።

ታዲያ ወረፋው በየሰዓቱ እየረዘመ ስለምን እስከ ዓለም ፍጻሜ አይደርስም? የሰለቸው ስለሚሄድ ነው፤ አንዳንዱም «ከምጠብቅ ሂለር ልሁን» ስለሚል ነው። ጥበቃው እንደ ገበያ ዋጋ ሆኖ ይሠራል። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ሲወደድ ገዢው እንደሚቀንስ ሁሉ፥ የአጥቂነት ዋጋም በደቂቃ እየጨመረ ሄዶ ፈላጊው ሲቀንስ በዚያ ይቆማል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ከዚያ ወዲህ ያደረጉትን ሁሉ ይህን ዋጋ በሌላ መንገድ ለመክፈል እንደ ተደረገ ሙከራ ልናየው እንችላለን።

የመጀመሪያው መንገድ ደመወዝ ነበር። በአፕሪል 2011 ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በዚያ ሰዓት የጐደለውን ድርሻ ለሚይዝ ሰው ተጨማሪ ሽልማት ሰጠ። ብቻውን ተሰልፎ ዋሻውን እስከ ፍጻሜ የተጫወተ ታንክ ወርቅ፥ የከበረ ድንጋይ፥ አንዳንድ ጊዜም በቀላሉ የማይገኝ የሚጋለብ እንስሳ የያዘ ከረጢት ይሰጠው ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ገንዘቡም የጨዋታ ገንዘብ ስለ ሆነ ኩባንያውን አያከስረውም። ይሁን እንጂ ከረጢቱ የሚጠራው ሥራውን የሚወደውን ሰው ብቻ አይደለም። መንገዱን የማያውቅ፥ ዱላ መቀበል ያልተማረ ሰውም ለከረጢቱ ሲል ታንክ ነኝ ብሎ ይገባል፤ አራቱም ጓደኞቹ ከእርሱ ጋር ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሰዎች ታንክነትንና ሂለርነትን የሚሸሹበትን ምክንያት መመልከት ይገባናል። ሥራው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ከችግሩ ይልቅ ወቀሳው የሚከብድ ይመስለናል። ከሦስት አጥቂዎች አንዱ ቢሰንፍ ሁለቱ ይሸፍኑለታል፤ ምናልባትም ማንም አያውቅበትም። ታንኩ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ግን ሁሉም ይሞታሉ፥ የማን ጥፋት እንደ ሆነም ሁሉም ያያል። ሂለሩም እንዲሁ ነው፤ አጥቂው ራሱ ከአደጋ ውስጥ ገብቶ ቢሞት «ለምን አልፈወስከኝም?» ይለዋል። በረኛን የሚያስታውሰው ሰው ጎል በገባበት ጊዜ ነው። ይህን ሸክም ከረጢት አያቀልለውም። በጁን 2018 ኦቨርዋች የተባለው ጨዋታ ተጫዋቾች ከግጥሚያ በኋላ መልካም የሠራውን ሰው እንዲያመሰግኑ የሚያስችል ሥርዓት አስገብቶ ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የችግሩን ሥር ከነኩት ጥቂት ሙከራዎች አንዱ ነው እንላለን።

ሁለተኛው መንገድ ትእዛዝ ነው። ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ በኦክቶበር 2009 ሲወጣ አምስቱን ስፍራዎች ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይከፋፈሉ ነበር። የመሰብሰቢያው ገጽ ሲከፈት ሁሉም «ሚድ! ሚድ!» ብሎ ለመጻፍ ይሽቀዳደማል፤ ሚድ የመካከለኛው መንገድ ነው። ቀድሞ የጻፈው «የእኔ ነው» ይላል፥ በምርጫ ተራ የሚቀድመውም «ተራው የእኔ ነው» ይላል፤ ጠቡ ከጨዋታው በፊት ይጀመራል። በ2016 ይህ ቀረ፤ ተጫዋቹ ከመሰለፉ በፊት የሚወደውን አንድ ስፍራ፥ ሁለተኛም የሚችለውን አንድ ስፍራ እንዲያስመዘግብ ተደረገ። ነገር ግን ምዝገባ ምርጫን አያስተካክልም። ስለዚህ በዚያው ዓመት ወረፋው ሲረዝም መዳቢው አንዱን ሰው ካላስመዘገበው ስፍራ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ተጫዋቾች ይህን አውቶፊል ይሉታል። በዚህ ሥርዓት ሁሉም ፈጥኖ ይገባል፤ ያለ ምርጫው የገባው ሰው ግን ስፍራውን ስለማያውቅ ቡድኑን ይጎዳል፥ ወይም ተናዶ ይሄዳል። ኋላም ይህ ጉዳት በሁለቱ ቡድኖች ላይ እኩል እንዲወድቅ ተሞከረ። አሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ፍትሑ ያረፈው በሁለት ሰዎች ቅሬታ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረን የኦቨርዋች ታሪክ ነው። ጨዋታው በሜይ 2016 ሲወጣ ስድስት ለስድስት ነበረ፤ ማንኛውም ሰው የፈለገውን ጀግና መርጦ በጨዋታው መካከልም ሊለውጥ ይችል ነበር። ወረፋው አጭር ሆነ፤ ድርሻ የሚጠይቅ አልነበረምና። የተቈጠበው ጊዜ ግን በሌላ በኩል ተከፈለ። ስድስት እንግዶች ይገናኛሉ፥ አምስቱ አጥቂ ይመርጣሉ፥ ገጹም ሂለር የላችሁም፥ ታንክ የላችሁም እያለ ያስጠነቅቃቸዋል፤ እያንዳንዱ ሌላው እንዲለውጥ ሲጠብቅ ግጥሚያው ተጀምሮ ያልቃል። በወረፋ ላይ ያልጠበቁትን በሽንፈት ውስጥ ይጠብቁታል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የታወቁት ባለሙያ ቡድኖች በነጻው ምርጫ ተጠቅመው ሦስት ታንክና ሦስት ሂለር ብቻ ያለበትን፥ ጎትስ የሚባለውን አሰላለፍ አበዙ፤ አጥቂ የሌለበት ጨዋታም ተመልካቹን አሰለቸ።

በ2019 ኩባንያው ሁለት ታንክ፥ ሁለት አጥቂ፥ ሁለት ሂለር የሚል ሕግ አወጣ። በባለሙያዎቹ ሊግ ከጁላይ ጀምሮ፥ ለሁሉም ተጫዋች ደግሞ በዚያው ዓመት ውስጥ ጸና። ግጥሚያዎቹ ሥርዓት ያዙ፥ ጠቡም በረደ። ወረፋው ግን ተመለሰ፤ የአጥቂዎቹ ጥበቃ ብዙ ቅሬታ እስኪያስነሣ ድረስ ረዘመ። ስለዚህ በ2020 ለሚጐድለው ድርሻ የተሰለፈ ሰው ኋላ አጥቂ ሆኖ ሲመጣ ወረፋውን የሚያሳጥርለት የቅድሚያ ትኬት እንዲያገኝ ተደረገ። ይህ ነገር ወንፈልን ይመስላል፤ ዛሬ በሌላው እርሻ ላይ የሠራ ሰው በማግሥቱ ለራሱ እርሻ ጕልበት ያገኛል። ከሽልማቶቹ ሁሉ የወደድነው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ጊዜ በጊዜ ይከፈላል። ችግሩ በወንፈል እንደሚያጋጥመው ያለ ነው፤ ለሌላው ሲያርም እጁ የሚቀዘቅዝ ሰው አይጠፋም።

ድርሻ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተቻለ ነበር። ነገር ግን መዳቢው ችሎታንም ማመዛዘን አለበት። ይህ ሥራ ከቼዝ የመጣ ነው። በሃንጋሪ ተወልደው በአሜሪካ፥ በሚልዋኪ ከተማ ፊዚክስ ያስተማሩት ፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎ የተጫዋችን ችሎታ በቍጥር የሚለካ ዘዴ አዘጋጁ፤ የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፥ የዓለሙ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበሉት። ቼዝ የሚጫወት ሰው አንድ ቍጥር ይበቃዋል። በእኛ ጨዋታ ግን መልካም ሂለር የሆነ ሰው ደካማ ታንክ ሊሆን ስለሚችል ከ2019 ወዲህ ኦቨርዋች ለየድርሻው የተለየ ማዕረግ ይሰጥ ጀመር። ማዕረጉ በበዛ ቍጥር ወረፋው ይቈራረጣል። 1000 ሰዎችን በአምስት የችሎታ ደረጃና በሦስት ድርሻ ብንከፋፍላቸው በየክፍሉ የሚደርሰው በአማካይ ወደ 67 ሰው ነው፤ እነዚህም እኩል አይደርሱም፥ በከፍተኛው ደረጃ ያሉት ታንኮች በጣት የሚቈጠሩ ይሆናሉ።

ርቀትም አለ፤ ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ ከሰከንድ ሃያኛውን ያህል ይወስድበታል፤ ገመዱ በቀጥታ ስለማይሄድ ግን ከዚህ ይበልጣል። መዳቢው ወረፋውን ለማሳጠር ሩቅ ያሉትን ሰዎች ቢያገናኝ ሩቅ ያለው ሰው ሳይመታ የሞተ ይመስለዋል፤ የቅርብ ብቻ ቢያገናኝ በአፍሪቃ ያለው ተጫዋች ብቻውን ይቀራል። ወረፋን ማሳጠር፥ ችሎታን ማመዛዘን፥ ቅርበትን መጠበቅ፥ ድርሻን ማሟላት፤ አራቱን ባንድ ጊዜ ያገኘ የለም።

ሦስተኛው መንገድ የቡድኑን ቅርጽ መለወጥ ነው። በኦክቶበር 2022 ኦቨርዋች 2 ሲወጣ ቡድኑ አምስት ሆነ፤ አንዱ ታንክ ቀረ። የጨዋታው ኃላፊ አሮን ኬለር በ2024 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት ታንክ ከሁሉ ያነሰ ተወዳጅነት የነበረው ድርሻ ነበር፥ የ2019 ሕግም ወረፋውን አስረዝሞት ነበር። ሒሳቡን እንየው። በስድስት ሰው ቡድን ሁለት ታንክ ሲያስፈልግ ከ100 ተጫዋቾች 33 ያህሉ ታንክ መሆን አለባቸው። በአምስት ሰው ቡድን አንድ ብቻ ሲያስፈልግ 20 ይበቃሉ። ነገር ግን የሚያስፈልጉት ሂለሮች ከ33 ወደ 40 ወጡ። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው መስፋቱ አይቀርም። ሸክሙስ ምን ሆነ? ቀድሞ ሁለት ታንኮች የሚካፈሉት ወቀሳ አሁን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ቢሳሳት ከጎኑ የሚሸፍንለት ታንክ የለም። ቍጥሩ ተቃለለ፥ ሰውዬው ግን ከበፊቱ ይልቅ ብቸኛ ሆነ። በእኛ አስተያየት የዚህ ለውጥ ጉድለት ይኸው ነው።

ወደ ኋላ የተመለሱም አሉ። ብሊዛርድ የቀድሞውን ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ለወዳጆቹ እንደገና ሲያወጣ፥ መዳቢው መጀመሪያ የገባበትን የ2009ን ዘመን ጨዋታ በሴፕቴምበር 2022 ያለ መዳቢው አቀረበው፤ ሰዎች እንደ ድሮው እየተነጋገሩ እንዲተዋወቁ በማሰብ ነበር። ብዙዎች ደስ አላቸው፤ ብዙዎችም ከሥራ በኋላ ያለችን አንድ ሰዓት በጩኸት አለቀች ብለው አማረሩ። በ2023 መዳቢው ተመለሰ። እኛ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ልንኮንን አንችልም፤ ጊዜ ያለው ሰው መተዋወቅን፥ ጊዜ የሌለው ደግሞ ፍጥነትን ይመርጣል።

ኦቨርዋችም ስድስት ለስድስትን እንደገና ፈተነ። በዲሴምበር 2024 በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ሕጉ በየድርሻው ከአንድ ሰው ያላነሰ፥ ከሦስት ሰው ያልበለጠ ይሁን የሚል ነበር። በ2025 መጀመሪያ በተደረገው በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ የ2019ኙ ሁለት፥ ሁለት፥ ሁለት ተመለሰ። በመጀመሪያው ሕግ ከስድስቱ አንድ ታንክ ከተገኘ ይበቃል፥ ይኸውም ከ100 ተጫዋቾች 17 ያህል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ታንክ ለመሆን የፈቀደ ሰው ቢገኝም ቦታ አለው፥ ያልፈቀደውም አይገደድም።